የአራት ጣት ጌጥ



ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አንባቢያን! ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ስለ ልብስ ጠርዝ ነው፤ ስለ ቅምቅማት፣ ስለ ዳንቴል፣ ስለ ጥብጣብና ስለ ዘርፍ። «ስንት የሚያሳስብ ነገር እያለ ስለ ሒጃብ ጠርዝ ይወራል እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ጨርቅ መተርተር የሚጀምረው ከመሐሉ ሳይሆን ከጫፉ ነው። ጫፉን የናቀ ሰው ሙሉውን ልብስ ያጣል።

እስቲ ከቤታችሁ አንድ ልብስ አንሡና ጠርዙን ተመልከቱት። ጨርቅ በመቀስ ሲቆረጥ ድርና ማጉ ይላቀቃል። ካልታጠፈና ካልተቀመቀመ በመጀመሪያው እጥበት ክሩ እየተመዘዘ ይበተናል። ሸማኔም ጋቢውን ሠርቶ ሲያወርድ ጫፉ ላይ የተረፈውን ድር እንዲሁ አይተወውም። ክሮቹ ጥቂት ጥቂት እየተደረጉ ይከርራሉ፤ ይቋጫሉ። «ነገሩን ቋጨነው» ስንልም ቃሉ ያው ነው። ያልተቋጨ ጋቢ ያላለቀ ጋቢ ነው። ሲያዩት ጌጥ የሚመስለው ዘርፍ፣ ሥራው ልብሱን ከመበተን ማዳን ነው።

ስለዚህ ጠርዝ ሁለት አገልግሎት አለው፤ ይይዛል፤ ያስጌጣል። አላህ (ሱ.ወ) በአል-አዕራፍ ምዕራፍ በ26ኛው አንቀጽ ለአደም ልጆች ያወረደውን ልብስ ሲያወሳ፣ ኀፍረትን መሸፈኛነቱንና ማጌጫነቱን ጎን ለጎን አድርጎ ነግሮናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የተቅዋ ልብስ መሆኑንም አክሎበታል። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ በ32ኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ አላህ ለባሮቹ ያወጣውን ጌጥ እርም የሚያደርጉ ሰዎችን ይወቅሳል። እንግዲህ ጌጥ በራሱ ነውር አይደለም። ጥያቄው «ምን ያህል? በምን ዓይነት? ከየትስ በመጣ ገንዘብ?» የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የምናገኝበት በሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ውስጥ የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። አስማእ ቢንት አቢበክር (ረ.ዐ) ዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) የልብስ ጥለትን እንደሚከለክሉ ይሰማሉ። ነገሩን ለማጣራትም አገልጋያቸውን ይልካሉ። ኢብን ዑመርም አባታቸው ዑመር (ረ.ዐ) ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው ያስተላለፉትን የሐር ክልከላ ጠቅሰው፣ ጥለቱም ከዚያው ውስጥ እንዳይገባ መፍራታቸውን ይገልጻሉ። አስማእ ይህን ሲሰሙ ብዙ አልተከራከሩም። ከቤታቸው አንድ ጁባ አውጥተው አሳዩ። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጁባ ነበር። አንገትጌው ላይ የሐር ጨርቅ ተለጥፎበታል፤ ከታች የተሰነጠቁት ጎኖቹም ዳር ዳራቸው በሐር ተጠርዟል። ይህ ልብስ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እስኪሞቱ ድረስ በእርሳቸው ዘንድ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ ወደ እህታቸው ወደ አስማእ ተላለፈ። ነብዩ ይለብሱት እንደነበርም መሰከሩ።

ሱብሓነላህ! አንድ የተጠረዘ ልብስ የፊቅህ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። መጠኑንም ቢሆን ዑመር (ረ.ዐ) በሻም ምድር ጃቢያ በተባለች ቦታ ባደረጉት ኹጥባ አስተላልፈውልናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐርን ለወንዶች ሲከለክሉ የ2፣ የ3 ወይም የ4 ጣት ስፋት ያህሉን ለይተው ፈቅደዋል። አብዛኞቹ ዑለማእ በወንድ ልብስ ላይ የሐር ጠርዝ እስከ 4 ጣት ድረስ ይፈቀዳል ያሉት ከዚህ በመነሣት ነው። ለሴቶች ሐር ራሱ የተፈቀደ ነው። አራት ጣታችሁን ገጥማችሁ በጨርቅ ላይ አሳርፉና እዩት፤ ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ዲናችን ጌጥን አልነፈገንም፤ በጣት ለክቶ ሰጠን እንጂ!

ሌላም ልጨምርላችሁ። ሰህል ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ) በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲስ፣ አንዲት ሴት ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቡርዳ ይዛ መምጣቷን ያወሳሉ። ቡርዳውን ሲገልጹት ጠርዙ አብሮ የተሸመነለት መሆኑን ሳይናገሩ አላለፉም። ሴትዮዋ በገዛ እጇ እንደሠራችውና ነብዩ እንዲለብሱት እንዳመጣችው ተናገረች። እርሳቸውም ያስፈልጋቸው ነበርና ተቀበሏት፤ ለብሰውትም ወጡ። ወዲያው አንድ ሰው ልብሱን እንዲሰጡት ጠየቃቸው፤ ሰጡት። ባልደረቦቻቸው ሰውየውን ቢወቅሱት የጠየቀው ሊለብሰው ሳይሆን ከፈኑ እንዲሆንለት ፈልጎ መሆኑን ነገራቸው። እንዳለውም ከፈኑ ሆነ። ውድ አንባቢያን! የዚያች ሴት ስም በዘገባው ውስጥ አልተጠቀሰም። የእጇ ሥራ ግን፣ ያውም ከነጠርዙ፣ ይኸው 1400 ዓመት ሙሉ ሲነገር ይኖራል። አላህ ዘንድ የሚጠፋ ትንሽ ሥራ የለም!

ሙስሊሞች ከዚያም በኋላ በየዘመኑና በየአገሩ ለልብስ ጠርዝ ትልቅ ቦታ ሰጥተዋል። በአባሲያና በፋጢሚያ ኸሊፋዎች ዘመን «ጢራዝ» የሚባል፣ በጽሑፍ የተጠለፈ የልብስ ጥለት ነበር። የኸሊፋው ስምና ዱዓ፣ ብዙ ጊዜም ልብሱ የተሠራበት ቦታና ዓመት ይጻፍበት ነበር። የግብፅ ከተሞች ቲኒስና ዲምያጥ በዚህ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ታላቁ ዓሊም ኢብን ኸልዱንም በሙቀዲማቸው ውስጥ ስለ ጢራዝ ራሱን የቻለ ክፍል ጽፈዋል። ዛሬም የተከበረችው ካዕባ በምትለብሰው ኪስዋ ላይ በወርቅ በተለበጠ የብር ክር የተጠለፈው መታጠቂያ 47 ሜትር ርዝመት አለው። በቱርክ አገር ደግሞ ሴቶች በሻሻቸው ጠርዝ ላይ በመርፌና በክር የሚሠሩት «ኦያ» የሚባል ጌጥ አለ። አበባው፣ ፍሬው፣ ቅጠሉ ሁሉ ትርጉም እንደነበረው ይተረካል። ባሏን የተቀየመች ሙሽራ የበርበሬ ቅርጽ ያለበትን ሻሽ ታስር ነበር ይባላል። በአፏ ያልተናገረችውን በጠርዟ ተናገረች ማለት ነው።

ወደ እኛም አገር ስንመጣ እጃችን ባዶ አይደለም። የሐረሪ እናቶች ከቀሚሳቸው ሥር በሚለብሱት ሱሪ ጫፍ ላይ፣ ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ፣ ያማረ ጥልፍ ያደርጉበታል። በየከተማው ያለን የአርባና የሃምሳ ዓመት ሰዎችም ብንሆን የእናቶቻችንን ቤት እናስታውሳለን። ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል፤ ጠረጴዛው ዳንቴል ለብሷል፤ የሶፋው መደገፊያም እንዲሁ። ጎረቤታሞች ከዐስር ሰላት በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አንዷ ኪሮሽ ትሠራለች፤ አንዷ ትጠልፋለች፤ አንዷ የወንዶቹን ኩፍያ ጠርዝ ትይዛለች። ልጃገረዶች ከሥር ተቀምጠው ያያሉ። ትዕግሥትንም፣ ወሬን መምረጥንም፣ የክር ቋጠሮን መፍታትንም የሚማሩት እዚያው ነበር።

አሁን ግን ያ ደጃፍ ባዶ እየሆነ ነው። ልብሱ ሁሉ ተሰፍቶ፣ አጊጦና ታሽጎ ይመጣል። የተሰፋ ልብስ መግዛት ጥፋት ነው አልልም፤ እኔም እገዛለሁ። ነገር ግን ከገበያው ምን እንደምንቀበልና ከእጃችን ምን እንደምናጣ ብናስተውል መልካም ነው። ለዚህም በሰፈራችን የሆነውን ላውጋችሁ።

አንዲት እናት አሉ። ሴት ልጃቸው በአንድ የዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች 4 ዓመት ሆኗታል። ልጅቷን ትንሽ ሆና እኔ ዘንድ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ስትቆጥር ጀምሮ አውቃታለሁ። ለኢድ አል-ፊጥር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ለእናቷ በሰው እጅ ዕቃ ላከች። ጥቁር ዐባያ ነው። ደረቱና እጅጌው ላይ የሚያብለጨልጩ ድንጋዮች ተደርድረውበታል። እናትየው ለኢዱ ንጹሕ እንዲሆን ብለው ሣፋ ላይ ዘፈዘፉት። ጥቂት ቆይተው ሲያነሱት ግማሹ ድንጋይ ሣፋው ውስጥ ቀረ። ለካ በማጣበቂያ የተለጠፈ እንጂ አንድም በክር የተያዘ አልነበረም!

እናትየው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ለቅመው ሲኒ ውስጥ ጨመሩና ይዘውልኝ መጡ።

«ኡስታዛ፣ ይኼ የልጄ ላብ ነው። ምን ላድርገው?» አሉኝ።

ሲኒው ውስጥ ያለውን ሳይ የምመልሰው ጠፋኝ። ያቺ ልጅ የሰው ቤት ወለል ስትጠርግ፣ የሰው ልጅ ስታዝል ያገኘችው ገንዘብ በአንድ ሣፋ ውኃ ረግፎ ፊቴ ቀርቧል። «እማማ፣ ጨርቁ እንደሆነ ደኅና ነው፤ በእጅዎ ቢጠርዙትስ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ዓይኔ ደክሟል እንጂ እጄስ አልረሳውም» አሉ።

የቀሩትን ድንጋዮች አነሣን። ማጣበቂያው የተወውን ጠባሳ የሚሸፍን፣ ስፋቱ 3 ጣት የሚሆን የኪሮሽ ጠርዝ በጥቁር ክር ጀመሩ። በሸዋል ወር ከዐስር በኋላ እየመጡ፣ የእኔ ተማሪዎች ቁርኣን ሲቀሩ እርሳቸው ጥግ ይዘው ሲሠሩ፣ ሁለቱ እጅጌዎችና ደረቱ በ9 ቀን አለቁ። ቅርጹ እንደ ዓሣ ቅርፊት ቅስት ቅስት የሆነ ነው። አላህ ይወቅ፣ ገና ሳየው ለየሁት። ልጃቸው በመጀመሪያው ቀን ወደ መድረሳችን ስትመጣ ያሰረቻት ነጭ ሻሽ ላይ የነበረው ያው ጠርዝ ነው።

ልጅቷ በስልክ ስትደውል ስለ ድንጋዩ አልነገሯትም። «ጠርዝ ሠርቼለታለሁ» ብቻ አሏት። «የልጅነቴን ዓይነት?» ብላ ጠየቀቻቸው። «አዎ፣ እሱኑ» አሏት። ከወዲያ በኩል ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አልተሰማም። ዐባያውን እናትየው አልለበሱትም። አጥፈው አስቀምጠውታል፤ «ስትመጣ ትለብሰዋለች» ይላሉ። አላህ በሰላም ያገናኛቸው።

ውድ አንባቢያን! ከሱቅ የተገዛ ጌጥ ዋጋ አለው። እናት በእጇ የሠራችው ጠርዝ ግን አድራሻ አለው። ልጅ የትም ብትሄድ ከየት እንደመጣች ያስታውሳታል። ይህንን ሙያ ለልጆቻችን ሳናስተላልፍ ብንቀር የምናጣው ዳንቴሉን ብቻ አይደለም።

«እኛ ሙያውን አናውቅም፤ ከየት እንጀምር?» ለምትሉ እህቶች በጣም ቀላሉን ልንገራችሁ። አንድ በአንድ ሜትር የሆነ የጥጥ ሻሽ ውሰዱ። ዙሪያው 4 ሜትር ነው። የሚለጠፈውን ጥብጣብ ወይም ዳንቴል ስትገዙ ለአራቱ ማእዘንና ለመጋጠሚያው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጨምሩበት። ከመስፋታችሁ በፊት ሻሹንም ዳንቴሉንም ለየብቻ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አድርቋቸው። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። አንዱ ሲሰበሰብ ሌላው ካልተሰበሰበ ጠርዙ ተጨማድዶ ይቀራል። ከዚያ በረጃጅም ስፌት ለጊዜው ያዙት፤ ዋናው ስፌት ሲያልቅ የጊዜያዊው ክር ይመዘዛል።

ስትሰፉ ዳንቴሉን አትወጥሩት! የጀማሪ ሁሉ ችግር ይኸው ነው። የተወጠረ ዳንቴል ሲለቀቅ ጨርቁን ይዞት ይሸበሸባል። ማእዘን ላይ ስትደርሱም አጥፋችሁ ሰያፍ ስፌት አድርጉበት። የውጪው ዳር ከውስጡ ስለሚረዝም ለማእዘን ትርፍ መተው ግድ ነው። በኪሮሽ የምትሠሩም ብትሆኑ እንዲሁ ነው። በቀጥታው ላይ በየቀዳዳው አንድ አንድ ጊዜ የወጋችሁት መርፌ ማእዘኑ ላይ በአንዱ ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ይግባ። አለበለዚያ ጫፉ ተጠቅልሎ ይነሣል። የአንገት ዙሪያን ለመጠረዝ ደግሞ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጨርቅ አይታዘዝላችሁም። 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ከጨርቁ ላይ በሰያፍ ቁረጡ። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ስለሚለጠጥ ክቡን ተከትሎ ይተኛል። መጋጠሚያው ሁልጊዜ ከጎን ወይም ከኋላ ይሁን።

ልጆችን ስታስተምሩ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። የተበላሸውን እናንተ አትፍቱላቸው። እነርሱው ይፍቱት። ፈቶ እንደገና የጀመረ ልጅ ቁርኣን ሲሒፍዝም አንቀጽ ሲጠፋው ተስፋ አይቆርጥም። ይህን በተማሪዎቼ አይቻለሁ።

ከዚህ ጋር ግን ወሰኑን እንዳንረሳ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ባለበት ኩታ ሰግደው ዓይናቸው አንድ ጊዜ ጥለቱ ላይ ስላረፈ፣ ልብሱ ለአቡ ጀህም እንዲመለስና በምትኩ ጌጥ የሌለው ኩታ እንዲመጣላቸው ማዘዛቸውን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ስለዚህ የሰላት ልብሳችንና መስገጃችን ጌጥ የቀለለ ቢሆን ይመረጣል። የሰላት ሻሽ ፊት ለፊት ላይ ዶቃ ከተደረገ ደግሞ በሱጁድ ጊዜ ግንባር ሥር ገብቶ ይወጋል፤ ልብንም ይሰርቃል። በአን-ኑር ምዕራፍ በ31ኛው አንቀጽ አማኝ ሴቶች የተሸሸገ ጌጣቸው እንዲታወቅ እግራቸውን እንዳይመቱ ታዘዋል። እንግዲህ የሚንሿሿ ሳንቲምና ቃጭል በቀሚሳችን ግርጌ ላይ ምን ይሠራል? ሒጃብ የመጣው ዓይንን ለመመለስ ሆኖ ሳለ ጠርዙ ዓይን የሚጠራ ከሆነ ሥራው ተገለበጠ ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡም እንነጋገር። ኢድ በመጣ ቁጥር ለልጆች ልብስ ብሎ የሚበደር አባት ስንት ነው? ልጆቹ ለአንድ ቀን ያምርባቸዋል፤ እርሱ እስከ ዐረፋ ዕዳ ሲከፍል ይከርማል። ያለፈው ዓመት ቀሚስ ያጠረ እንደሆነ ግርጌው ላይ 4 ጣት ጥለት ቢቀጠልበት ይረዝማል፤ አዲስም ይመስላል። እጅጌው ያለቀ እንደሆነ በጥብጣብ ይጠረዛል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፉ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግረዋል። የተጠገነ ልብስ የሚያሳፍራት ልጅ ካለችን ይህንን እንንገራት።

ሙያው እንጀራም ይሆናል። እናታችን ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) በእጃቸው ሠርተው ሶደቃ ይሰጡ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ጥላ መውጣት ያልቻለች እህት ቤቷ ተቀምጣ ኩፍያና ሻሽ ጠርዛ ብትሸጥ ክብሯን ጠብቃ ትኖራለች። እኛም የሠራችውን ስንገዛ አንከራከራት። «ክር ብቻ አይደለም እንዴ?» አንበላት። የ4 ሜትር ጠርዝ በእጅ ለመሥራት ስንት ምሽት እንደሚፈጅ ሞክሮ ያላየ አያውቀውም። የምትሠራዋም ብትሆን የቀጠረችበትን ቀን ትጠብቅ። ለኒካሕ የታዘዘ ሻሽ ከኒካሑ ማግስት ቢደርስ ምን ይጠቅማል?

አላህ (ሱ.ወ) በአን-ነሕል ምዕራፍ በ92ኛው አንቀጽ ቃል ኪዳኑን የሚያፈርስን ሰው፣ አጥብቃ ከፈተለች በኋላ ፈትሏን መልሳ በምትበጣጥስ ሴት መስሎታል። ክር የያዝን እጆች ሁሉ ይህ ምሳሌ ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። መፍተሉ ድካም ነው፤ መሥራቱ ድካም ነው፤ የሁሉም መጨረሻ ግን መቋጨቱ ነው። ሥራችንንም፣ ቃላችንንም፣ ልጆቻችንን ማሳደጋችንንም ጫፉ ላይ እንዳንለቀው።

ወጌን እዚህ ላይ ልቋጭ። አላህ (ሱ.ወ) በሐላል የሚያጌጡ፣ በልክ የሚለብሱ፣ ከልብስ ሁሉ የሚበልጠውንም የተቅዋን ልብስ የሚለብሱ ያድርገን። በባዕድ አገር ያሉ ልጆቻችንንም ጠብቆ ወደ እናቶቻቸው ይመልስልን። አሚን!